ጣና ላይ አውሮራ ታየ ብዬ የሸጥኩት ፎቶ፦ የአንድ ጉዳይ ጥናት

ይሄን ነገር ቁጭ ብዬ ልጽፈው የተነሳሁት አሁንም ድረስ ሰው ሱቄ እየመጣ "ያ የጣና አውሮራ ፎቶ አለህ?" ስለሚለኝ ነው። ፎቶው አለ፣ ጣና ግን አይደለም። እንዴት ጣና ሆነ፣ እንዴት ደግሞ ጣና መሆኑ ቀረ የሚለውን ከነሀፍረቴ ላስረዳ፣ በዛውም አውሮራ (ወደ ዋልታዎቹ አካባቢ ማታ ሰማይ ላይ የሚታየው ባለቀለም ብርሃን) ለምን እኛ ጋ ሊታይ እንደማይችል አንድ የተማረ ልጅ ያስረዳኝን ላካፍላችሁ።

ባህር ዳር ፎቶ ቤት አለኝ። ጉርድ ፎቶ፣ ሰርግ፣ ክርስትና፣ ባነር፣ ላሚኔሽን፣ ያው የምታውቁት ነው። ጊዜው ግንቦት 2016 ነው። ፋሲካ ሚያዝያ 27 ውሎ ሰዉ ገና ፍስኩን አልጠገበም፣ ሐሙስ ደግሞ ግንቦት 1 ልደታ ነበረች፣ የሰፈሩ ሴቶች እንደ ልማዱ ውጪ ወጥተው ንፍሮ ቀቅለው በልተዋል። እነዚህን ቀኖች የማነሳው በኋላ ስለሚያስፈልጉ ነው። ሞባይል ዳታ አልነበረም ያኔ፣ ኢንተርኔት የሚፈልግ ሰው የመስመር ዋይፋይ ያለበት ቦታ ፈልጎ ነው የሚጠቀመው፣ የኔ ሱቅ ዋይፋይ ስላላት ጎረምሳው ሁሉ በሬ ላይ ነው የሚውለው። ማታ ደግሞ ሰው በጊዜ ነው ቤቱ የሚገባው። ሰማዩን ወጥቶ የሚያይ ብዙ ሰው አልነበረም ማለት ነው፣ ይቺንም ያዟት።

ቅዳሜ ግንቦት 3 ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ የእህቴ ልጅ እየሮጠች መጣች። "ጋሼ ይሄን እይ፣ ትናንት ማታ ጣና ላይ የሆነውን!" ብላ ስልኳን ፊቴ ላይ ደቀነችው። ሀይቅ አለ፣ ከዳር ጥቁር ሆነው የቆሙ ዛፎች አሉ፣ ሰማዩ ደግሞ ከአድማስ ጀምሮ እስከ ፎቶው ጫፍ በአረንጓዴ መጋረጃ ተሸፍኗል፣ ጫፉ ላይ ሮዝና ሀምራዊ ይሆናል፣ ያ ሁሉ ቀለም ደግሞ ውሃው ላይ ቁልቁል ተደፍቶ ይታያል። በግራ በኩል ውሃው ውስጥ ገባ ያለች የመሬት ምላስ አለች፣ ቁርጥ ዘጌ። ከስሩ "ጣና፣ ትናንት ማታ" የሚል ተጽፏል። በቃ።

ለምን አመንክ ትሉኝ ይሆናል፣ ሃያ አመት ካሜራ ይዤ። አንደኛ ነገሩ ሙሉ ለሙሉ ውሸት አልነበረም። ያን ማታ፣ በፈረንጅ ሜይ 10 ቀን 2024፣ ከጥቅምት ወር 2003 (በፈረንጅ ማለቴ ነው) ወዲህ ያልታየ የመጨረሻው ደረጃ የፀሐይ ማዕበል (ፀሐይ የወረወረችው ቅንጣት) መሬትን መትቷል፣ ጂ5 ይሉታል፣ ከሱ በላይ ደረጃ የለም። አውሮራ ፍሎሪዳ ታይቷል፣ ሜክሲኮ ታይቷል፣ ካናሪ ደሴቶች ላይ ፎቶ ተነስቷል፣ ህንድ ላዳክ ተራራ ላይ ያለው የሃንሌ ኦብዘርቫቶሪ ካሜራ ቀይ ሰማይ ይዟል። ይሄ ሁሉ በዛው ጠዋት በዜና ተለቋል። እና ሜክሲኮ ከታየ ጣና ምን ያንሰዋል? ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንዲሆን ፈልጌ ነበር። ስለ ከተማችን ደስ የሚል ነገር ከሰማን ቆይቶ ነበር።

ወዲያው በኤ3 አተምኩት። ላሚኔት አድርጌ መስታወቱ ላይ ለጠፍኩት፣ "የጣና አውሮራ፣ ግንቦት 2 ቀን 2016" ብዬ በቀይ ጻፍኩበት። እስከ ምሳ ሰዓት 7 ኮፒ ሸጥኩ። ከሰዓት ደግሞ የአንድ ሎጅ ሰው መጥቶ ለሪሴፕሽናችን በሸራ ላይ አንድ ሜትር ተኩል አርገህ ስራልን ብሎ 3 ሺህ ብር ቀብድ አስያዘኝ። ቱሪስት በጠፋበት ጊዜ ይሄን ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ ባህር ዳር የኖረ ያውቀዋል።

ከጎኔ ቡና የሚሸጡ እማማ ግን ፎቶውን አይተው አማተቡ። "ሰማይ ሲቀላ ደም ነው ልጄ፣ አውርደው" አሉኝ። ኧረ አረንጓዴ ነው እማማ ብላቸው "ጫፉስ?" አሉኝ። የልጅ ልጃቸው ደግሞ ትናንት ማታ በሀይቁ ማዶ ሰማዩ ብልጭ ድርግም ሲል አይቻለሁ ብሎ ማለ። አያችሁ፣ ምስክር ተገኘ! እንደውም ለደንበኛ ሁሉ "ልጁ በአይኑ አይቷል" እያልኩ ነበር የማወራው።

ነገሩን ያፈረሰብኝ የጀልባ ነጂ ነው። ዘጌ የሚኖር፣ ሰው ያመላልሳል፣ ማታ ማታ ደግሞ መረብ ይጥላል። ለመታወቂያ እድሳት ጉርድ ፎቶ ሊነሳ መጥቶ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ እኔ "አገጭህን ትንሽ ቀና" እያልኩት፣ አይኑ መስታወቱ ላይ ነው።

"ይሄ የት ነው?"

"ጣና ነዋ፣ ትናንት ማታ።"

"የቱ ጋ?"

"ይሄው ዘጌ፣ አታየውም?" ብዬ በጣቴ አሳየሁት።

ዝም ብሎ አየው አየውና "ወንድሜ፣ እኔ ትናንት ማታ ከዘጌ ዳር ውሃው ላይ ነበርኩ። ጨረቃዋ ገና ክር ነበረች፣ በጊዜ ገባች፣ ከዛ በኋላ የራሴን እጅ አላየሁም። እንዲህ ቢበራማ መረቤን ያለ ባትሪ እሰበስብ ነበር" አለኝ። ቀጠለና "ደግሞ ደንገሉ የታለ?" አለ።

ያቺ ደንገል ነች የገደለችኝ። ፎቶው ላይ ያሉት ዛፎች ሾጣጣ ናቸው፣ እንደ ጥድ፣ እስከ ውሃው ጠርዝ ድረስ ቆመዋል። የዘጌ ዳር ደን ነው፣ ግን ክብ ክብ ያለ፣ ዋርካ ነው፣ ቡና ጥላ ነው፣ ጫፉ ላይ ደንገል አይጠፋም። ጠዋት ሙሉ ሳየው የዋልኩትን ፎቶ እንደ አዲስ አየሁት። ሰውዬው ጉርዱን ነገ እወስዳለሁ ብሎ ሄደ፣ እኔ ሱቅ ውስጥ ብቻዬን ቆሜ ቀረሁ።

ግቢያችን ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ልጅ አለ፣ ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ የተማረ። ዩኒቨርሲቲው ዋሸራ የሚባል የጂኦስፔስና ራዳር ሳይንስ ላቦራቶሪ አለው፣ ስሙ የቅኔዋን ዋሸራ ያስታውሰኛል፣ ከኛ በላይ ያለውን የሰማይ ክፍል ነው የሚያጠኑት። ማታ ፎቶውን ይዤ በሩን አንኳኳሁ። ልጁ ሳቀ። መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ከዛ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ያሳየኝ ኮከቦቹን ነው። ፎቶው ላይ በአረንጓዴው መሀል ከውሃው ብዙም ሳይርቅ ደብልዩ የመሰሉ አምስት ኮከቦች አሉ፣ ካሲዮፒያ ይባላሉ። ከነሱ ሽቅብ ሲኬድ ወደ ፎቶው ጫፍ አንዲት ኮከብ አለች፣ የሰሜን ኮከብ እሷ ነች። "ጋሼ፣ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ ያላት ከፍታ ከቆምክበት ቦታ ላቲትዩድ፣ ማለትም ከምድር ወገብ ካለው ርቀት በዲግሪ፣ ጋር እኩል ነው" አለኝ። ባህር ዳር 11.6 ዲግሪ ላይ ነች፣ ስለዚህ እኛ ጋ የሰሜን ኮከብ ከሀይቁ በላይ 12 ዲግሪ እንኳን አትሞላም፣ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ጡጫችሁን አድማሱ ላይ ብታስቀምጡ ጡጫ ወደ 10 ዲግሪ ይሸፍናል፣ ከጡጫችሁ ትንሽ ከፍ ብላ ነች። ፎቶው ላይ ግን የሰማዩ አጋማሽ ላይ ተሰቅላለች። ደብልዩዋ ደግሞ ከሰሜን ኮከብ ሥር ስትሆን እኛ ጋ ውሃው ውስጥ ነው የምትገባው፣ አትታይም። በዛን ቀን እንደውም ለኛ የምትወጣው ከሌሊቱ 9 ሰዓት አካባቢ ነው፣ እሷም በሰሜን ምሥራቅ በኩል በጎኗ ተኝታ። ቀጥ ብላ ሀይቅ ላይ የተቀመጠች ደብልዩ ጣና ላይ መቼም የለችም።

ወጥተን ከግቢያችን ጀርባ አየን። ሀይቁ ለኛ በሰሜን በኩል ስለሆነ እስከ አድማሱ ድረስ የሚከልል ነገር የለም። እውነትም ኮከቧ እዛች ጋ ነች፣ ጭል ጭል ትላለች። አርባ ምናምን አመቴ ድረስ አላውቃትም ነበር። እዛው እንደቆምን ከሀይቁ ማዶ ሰማዩ ብልጭ አለ፣ ድምፅ የለም። "የእማማ ልጅ ያየው ይቺን ነው" አለኝ። ክረምት ሊገባ ሲል በጎንደር በኩል ያለው ደመና ማታ ማታ ይመታል፣ የመብረቅ ድምፅ ከ20 ኪሎ ሜትር ብዙም አያልፍም፣ ብርሃኑ ግን ከ100 በላይ ርቆ ይታያል። ምስክሬ ሄደ።

እሺ ፎቶው የኛ አይደለም፣ ግን ሊታይ ይችል ነበር ወይ ነው የኔ ጥያቄ። እልህ ያዘኝ። ፖርቶ ሪኮ ላይ ፎቶ ተነስቷል ሲባል ሰምቼ ስለነበር እሷን አመጣሁበት፣ "ፖርቶ ሪኮ 18 ዲግሪ ናት፣ እኛ 11.6፣ ልዩነቱ ምን አላት?" አልኩት። ልጁ ጠረጴዛው ላይ ከነበረው ማንጎ አንዱን አነሳ።

እንዲህ ነው ያስረዳኝ። አውሮራ የሚከተለው የመሬትን ላቲትዩድ ሳይሆን የማግኔቷን ነው። የማንጎው ግንድ የነበረበት ጫፍ ከመሀል ወጣ እንደሚለው የመሬት ማግኔት ጫፍም ከሰሜን ዋልታ ወደ አሜሪካ በኩል ዘንበል ብሏል። በዚህ ምክንያት ፖርቶ ሪኮ በማግኔት ስትለካ ከ25 ዲግሪ በላይ ትሆናለች፣ እኛ ደግሞ የማግኔቱ ምድር ወገብ ላይ ልንቀመጥ ምንም አልቀረንም፣ መስመሩ ከኛ ዝቅ ብሎ በአዲስ አበባ አካባቢ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ያቺ የ7 ዲግሪ ልዩነት ያልኳት ከ20 በላይ ሆና አረፈችው።

"ይሄ ለምን ለውጥ ያመጣል?" አልኩት። በመስኮቱ የልብስ ማስጫ ገመዱን አሳየኝ። ከፀሐይ የመጣው ቅንጣት ዝም ብሎ አይወርድም፣ የማግኔት መስመሮችን እንደ ገመድ ይዞ ነው የሚሄደው። ሰሜን ጫፍ አካባቢ ገመዶቹ ቁልቁል ወደ መሬት ይተከላሉ፣ ቅንጣቱም ተንሸራቶ አየሩ ውስጥ ይገባና ኦክስጅኑን ያበራዋል፣ ከ100 እስከ 150 ኪሎ ሜትር ላይ አረንጓዴ፣ ከ200 በላይ ቀይ። እኛ ጋ ግን ገመዱ ከራሳችን በላይ እንደዚህ እንደ ልብስ ማስጫው አግድም ነው የተዘረጋው። ገመድ ላይ የሚንሸራተት ነገር ወደ ጎን ይሄዳል እንጂ ግቢ ውስጥ አይወድቅም። ኮምፓስ መርፌን ከመሀሏ አንጠልጥላችሁ በነፃ ብትለቋት ኖርዌይ ላይ አፍንጫዋን መሬት ትደፋለች፣ ባህር ዳር ላይ ልትተኛ ትቀርባለች።

ታዲያ ከሩቅ ማየትስ? ከፍታ ያለው ብርሃን ከሩቅ ይታያል አይደል? ይሄን ሳነሳ ልጁ ደስ አለው፣ ወረቀት አውጥቶ ሰራው። ቀዩ ብርሃን 400 ኪሎ ሜትር ላይ ቢሆን ከመሬት ክብነት የተነሳ እስከ 2,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው አድማስ ላይ የሚታየው። ከባህር ዳር 2,200 ወደ ሰሜን ስትሄዱ ካይሮ ትደርሳላችሁ። ማለትም ከጣና ዳር ቆሜ የሆነች ቀይ ጭላንጭል አድማሱ ላይ እንድትታየኝ አውሮራው ካይሮ አናት ላይ መቆም አለበት፣ ያውም ጎንደር ላይ ደመና ሳይኖር። በዛን ማታ ግን 33 ዲግሪ ገደማ ላይ ያለው ሃንሌ እንኳን ቀዩን ያየው በሰሜን አድማስ ዝቅ ብሎ ነው። ሌላም ነገር፣ እንዲህ ወደ ደቡብ ርቆ የሚታይ አውሮራ ቀይና ዝቅ ያለ ነው፣ ከሥር ያለው አረንጓዴ በመሬት ጉብታ ይጋረዳል። ካሜራ ብቻ የሚያየው ጊዜም ብዙ ነው። ከአናት በላይ የተሰቀለ አረንጓዴ መጋረጃ ካያችሁ ፎቶ አንሺው ወደ ሰሜን ገባ ብሎ ነው የቆመው ማለት ነው። ይሄን የመሰለ ምልክት ይዤ ፎቶ ቤት ከፍቼ መቀመጤ ያናድዳል።

በታሪክም ቢሆን በ1859 ሴፕቴምበር ላይ የሆነው ትልቁ ማዕበል፣ ካሪንግተን የሚሉት፣ ካሪቢያንና ኮሎምቢያ ድረስ ታይቷል፣ በ1921 ሜይ ደግሞ የደቡቡ አውሮራ ከሳሞአ ታይቷል። እነዚህ ቦታዎች በካርታ ከምድር ወገብ ሩቅ አይደሉም፣ ግን በማግኔት ከኛ የተሻለ ራቅ ይላሉ። እኛ ዓለም ላይ አውሮራ ለማየት ከሁሉም መጥፎ ከሚባሉት ቦታዎች አንዱ ላይ ነን።

"በቃ እኛን አልነካንም ማለት ነው?" ስለው ግን "ማን አለህ?" አለኝ። እዚህ ጋ ነው እኔን የገረመኝ። ማዕበሉ መሬትን የነካው አርብ ማታ በኛ 2 ሰዓት ከ5 ላይ ነው፣ እኔ ቤቴ እራት እየበላሁ። ማዕበል ሲመጣ መሬትን ከሩቅ የሚከባት ኤሌክትሪክ ይጠናከርና የማግኔቷን ጉልበት ይቀንሰዋል፣ መቀነሱ ደግሞ የሚለካው ከዋልታ ርቀው ከምድር ወገብ ፈንጠር ብለው ባሉ አራት ጣቢያዎች ነው፣ አንዱ ደቡብ አፍሪካ ሄርማነስ ነው፣ አንዱ ያቺው ፖርቶ ሪኮ። ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል በኛ 11 ሰዓት አካባቢ ከ400 ናኖቴስላ (የማግኔት ጉልበት መለኪያ ነው) በላይ ወርዶ ነበር። እኛ ጋ ጠቅላላው ወደ 36 ሺህ ነው፣ ስለዚህ አንድ በመቶ ገደማ ማለት ነው። እኔ ተኝቼ ከጣና በላይ ያለው ማግኔት አንድ በመቶ ጎደለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ይሄን አይነት ነገር መለካት የጀመረው በፈረንጅ 1950ዎቹ መጨረሻ ላይ ነው፣ ቦታው የተፈለገው ለማግኔቱ ምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ነው። ከኛ በላይ ደግሞ በየቀኑ፣ ማዕበል ኖረም አልኖረም፣ ቀን ቀን 105 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በማግኔቱ ምድር ወገብ ዙሪያ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈሳል፣ በ1951 ሲድኒ ቻፕማን የሚባል ሰው ኤሌክትሮጄት ብሎ ስም አውጥቶለታል። ዓባይ ከጣና ወጥቶ እንደሚፈስ ማለት ነው፣ ብቻ ይሄኛው ወደ ምሥራቅ ነው፣ አይታይም። ጂፒኤስ ላይ ግን ይታያል፣ የዚህ የላይኛው አየር መናወጥ ሳተላይትና ስልክ መሀል ገብቶ ይረብሻል። በዛው ሰሞን አሜሪካ መሀል አገር በቆሎ የሚዘሩ ገበሬዎች ትራክተራቸው በጂፒኤስ ስለሚነዳ መስመሩ ጠፍቶባቸው ለሰዓታት ቆመው ነበር።

በቆሎ ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። ከልጁ እንደተመለስኩ ያን ማታውኑ ፎቶውን ወደ ኋላ መከተል ጀመርኩ። የእህቴ ልጅ ከማን አገኘሽው ስላት ከጓደኛዋ፣ ጓደኛዋ ከአጎቷ ልጅ፣ እሱ ከአንድ ግሩፕ፣ እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሦስት ሰዓት ማታ ላይ ባለቤቱ ጋ ደረስኩ። ሚኒሶታ፣ እዛው በቆሎ የሚዘራበት የአሜሪካ መሀል አገር የሚኖር የባህር ዳር ልጅ ነው፣ የኛው ሰፈር ሰው እንደውም። እዛ ገና ቀን ነበር፣ ወዲያው በድምፅ መለሰልኝ። "ጋሼ ምን ሆነ መሰለህ፣ እኔ የጻፍኩት 'ጣናን አስታወሰኝ' ብዬ ነው።"

ጣናን አስታወሰኝ። አያችሁት? የመጀመሪያው ሰው ሲያስተላልፈው "አስታወሰኝ" የምትለዋን ቆረጠ፣ ሁለተኛው "ጣና" ብቻ አስቀረ፣ ሦስተኛው "ትናንት ማታ" ጨመረበት፣ አራተኛው እኔ ነኝ፣ በቀይ ቀለም ቀን ጻፍኩበት። ማንም አልዋሸም እኮ። ሁሉም የጨመራት ትንሽ ትንሽ ነች፣ እኔ ብቻ ነኝ የሸጥኩት።

ዋናውን እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል አድርገህ ላክልኝ አልኩት፣ ቴሌግራም እንደ ፎቶ ሲላክ ከውስጡ ያለውን መረጃ ይፍቃል፣ ፋይል ሲሆን ግን ይቆያል። መጣ። ስልኩ ለ3 ሰከንድ ከፍቶ ነው ያነሳው፣ የተነሳበት ሰዓት በነሱ አርብ ማታ 10:41። ከሚኒሶታ እስከ ባህር ዳር ያኔ 8 ሰዓት ልዩነት ነው። ጨምሩበት፣ ቅዳሜ ጠዋት በኛ 12:41 ይሆናል። ያ ፎቶ ሲነሳ ጣና ላይ ፀሐይ ወጥታ፣ እኔ ሱቄን ልከፍት ፊቴን እየታጠብኩ ነበር። ኮከቡም ማንጎውም ሳያስፈልግ ይቺ አንዲት ቁጥር ብቻ ትበቃ ነበር፣ ጠዋት ጠይቄ ቢሆን።

እሁድ የሆነውን ባጭሩ ልለፈው። መስታወቱ ላይ ያለውን አወረድኩ። ከሰባቱ አምስቱን አግኝቼ ብራቸውን መለስኩ፣ አንዷ ግን "ጣና ባይሆንም ያምራል፣ ብቻ ጽሑፉን ቁረጥልኝ" አለችኝ፣ ቆረጥኩላት። ሁለቱን እስካሁን አላገኘኋቸውም፣ ሱቅ መጥተው የሚጠይቁኝ ሰዎች የነሱን ቤት ያዩ ይመስለኛል። የሎጁ ሰውዬ ነው ያስቸገረኝ። ሁሉንም ነገር አስረድቼው "ማን ያውቃል? ዝም ብለህ ስራው፣ ፈረንጅ ደስ ይለዋል" አለኝ። ፈረንጅ ነው እኮ መጀመሪያ የሚያውቀው! ደግሞ ፎቶው የሰው ነው፣ ባለቤቱን አናግሬዋለሁ። ቀብዱን መለስኩ፣ ተቀየመኝ። እማማ ደግሞ ፎቶው ሲወርድ አይተው "ጎሽ" አሉ፣ እሳቸውን ስለ ሚኒሶታ ማስረዳት አልሞከርኩም።

ልጁ ግን ቅዳሜ ማታ ስንለያይ አንድ ነገር ብሎኝ ነበር። ያን ሁሉ የወረወረው የፀሐይ ጥቁር ነጥብ ገና ወደ ጀርባዋ አልዞረም፣ ትልቅ ነው፣ በወርድ መሬትን 15 ጊዜ ገደማ ደርድረህ ነው የምትሸፍነው፣ የግርዶሽ መነፅር ካለህ ያለ ቴሌስኮፕ ይታያል አለኝ። መነፅር? በ2012 ሰኔ 14 በላሊበላ በኩል ያለፈው የቀለበት ግርዶሽ ጊዜ እኮ በካርቶን አስመጥቼ ስሸጥ ነበር። መሳቢያ ውስጥ ሁለት ቀርተውኛል። አንዱ ፊልሙ ተጭሯል፣ ጣልኩት፣ የተጫረ አይን ያጠፋል። አንዱ ደህና ነው።

እሁድ 10 ሰዓት ላይ ልጁን ይዤ ሀይቁ ዳር ወረድኩ። መነፅሩ ሲደረግ ዓለም ሁሉ ይጠፋል፣ ሀይቁ የለም፣ ሰው የለም፣ እንደ ብርቱካን የሆነች ትንሽ ክብ ብቻ ትቀራለች። መጀመሪያ ምንም የለም አልኩት። "ታገስ፣ ከታች ወደ ግራ" አለኝ። ትንሽ ቆየሁ። ከዛ ታየችኝ፣ የበርበሬ ፍሬ የምታክል ጥቁር ነጥብ፣ ከጠርዙ ገባ ብላ። መነፅሩ ላይ ያለ ቆሻሻ መሰለኝና አውልቄ በሸሚዜ ጠረግኩት፣ መልሼ ሳየው እዛው ነች። ፎቶ ለማንሳት መነፅሩን የስልኬ ካሜራ ላይ አድርጌ ሞከርኩ፣ የተበላሸ ነገር ነው የወጣልኝ።

ጀልባ ነጂው ጉርዱን ሊወስድ ሱቅ ሄዶ ሲያጣኝ የእህቴ ልጅ ወደዛ ላከችው። የፖስታውን ፎቶ ሰጠሁት፣ ስለ ፎቶው ልክ ነበርክ አልኩት፣ "አውቃለሁ" አለኝ። መነፅሩን ሰጠሁት። አደረገው፣ አንገቱን አቀና፣ ወንበሬ ላይ እንደተቀመጠው አገጩን ቀና አድርጎ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ።

"አየሃት?"

"ጉድፍ አለባት" አለ። መነፅሩን አውልቆ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ሀይቁ እያየ "ነገም ትኖራለች?" ብሎ ጠየቀ። ልጁ ሁለት ቀን ብትቆይ ነው፣ ከዛ ወደ ጀርባ ትዞራለች አለው። "እንግዲያው መነፅሩን አውሰኝና ዘጌ ልጆቹ ይዩዋት፣ ማክሰኞ አመጣልሃለሁ" አለኝ።

ሰጠሁት። ማክሰኞ አመጣው፣ አንድ ኪሎ የዘጌ ቡና ጨምሮ።